የመኪናዋ አባን

ፈጠነ ያቺን መኪና ከገዛ ወዲህ ስሙ መሳለቂያ ሆኖበታል። ከድንበር ማዶ ባለችው የሶማሌዎች ከተማ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ አብረውት የሚከራዩት ያገሩ ልጆች፣ ጠዋት ጠዋት ሲገፋት ባዩት ቁጥር በሳቅ ይፈርሳሉ።

«አንተ፣ ስምህን ለምን አታስቀይረውም?» ይለዋል ግንበኛው ክፍሌ። «ዘገየ ብትባል ማን ይከስሃል?»

«ከምትስቅ ግፋ!»

ፈጠነ ለዓመታት በበርበራ መንገድ የሰው ከባድ መኪና ነድቷል። የራሱን መሪ ልጨብጥ ብሎ ያጠራቀመውን አውጥቶ ይህቺን ያገለገለች የጃፓን መኪና የገዛው ከዓብዲዓዚዝ ነው፤ በመርከብ እያስመጣ ከሚሸጠው ነጋዴ። ብዙም ሳትነዳ ካምቢዮዋ ተበላሸ። ሌላ ያገለገለ ካምቢዮ አስገጠመላት፤ እሱም ተበላሸ። ሦስተኛው ደግሞ ባለፈው ሳምንት፣ የዳሀቦን ልጆች ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ ዳገት መሀል ላይ ጮኾ ቀረ። ልጆቹ ቦርሳቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ቆሙ።

ዳሀቦ ኮድቡር ሰፈር ሱቅ ያላት ሴት ናት። ፈጠነ የሚበላው ልጆቿን ለማመላለስ ከተዋዋለው ሥራ ነው።

«ፈጠነ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አለችው። «ልጆቼ ግን የሚሄዱት በመኪና ነው እንጂ በጥሩ ሰው አይደለም። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለች ሌላ ሾፌር እይዛለሁ።»

31 ሜይ ሰፈር ጋራዥ ያለው ዓብዲሰላም ካምቢዮውን ፈትቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ጥፋቱ ያንተም የእኔም አይደለም። የዚች ዓይነት መኪና ሁሉ ካምቢዮው እዚችው ቦታ ላይ ነው የሚሰነጠቀው። ከፋብሪካው ይዞት የመጣው ነው። ወንድሙን ብገጥምልህ፣ ወንድሙም ያው ነው።»

ፈጠነ ዱባይ ወዳለው የፋብሪካው ቢሮ ደወለ። ረጅም ሙዚቃ ካሰሙት በኋላ አንዲት ሴት አነሳች።

«መኪናው ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው፤ እናንተ አገር መገኘት አልነበረበትም» አለችው።

«ተገኘ እኮ፣ እህቴ! ይኸው ውስጡ ተቀምጫለሁ!»

«አልነበረበትም፣ ጌታዬ» ብላ ዘጋችው።

እየተንጨረጨረ ወደ ዓብዲዓዚዝ ሄደ። «እኔ ሠራኋት እንዴ?» አለ ነጋዴው። «የሠራትን ጠይቅ!»

ነገሩ እንደ አገሩ ልማድ ሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። ዓብዲዓዚዝ አጎቶቹን አስከትሎ መጣ። ከፈጠነ ጎን የቆመው ክፍሌ ብቻ ነው። ሻይ ቤቱ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ የዓብዲሰላምን ምስክርነት ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰው ሲያጠፋ ወገኑ ይክሳል። የዚህ ካምቢዮ ወገን ማን ነው?»

«ፋብሪካው ነው፣ አደር» አለ ፈጠነ፣ ሽማግሌውን አገሩ እንደሚጠራቸው አጎቴ ብሎ።

«ቃሉን ባልሰማነው ላይ አንፈርድም። ጥራው።»

የዓብዲዓዚዝ አጎቶች ሳቁ። ፈጠነ ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ደወለና ሁሉም እንዲሰማ ምንጣፉ መሀል አኖረው። ያ ሙዚቃ ጀመረ። ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድምና ማንም ንቅንቅ አላለም። ሻዩ ቀዘቀዘ። የአሱር አዛን፣ የከሰዓት በኋላው የሶላት ጥሪ፣ ሲሰማ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሰገዱ፤ ሲመለሱም ሙዚቃው አለ።

«ወገኑ ይህ ዘፈን ብቻ ነው?» አሉ ሽማግሌው በመሰላቸት።

ፈጠነ ያን ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀ።

«አደር፣ እዚህ ከተማ ስገባ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ አባንህ ማን ነው? ባጠፋ የሚጠየቅልኝ ያገር ሰው እስካገኝ ድረስ ቤት እንኳን አላከራዩኝም። ይህቺ መኪናስ? እሷም እንደኔ ከሰው አገር የመጣች እንግዳ አይደለችም? ማን ነው አባኗ? ማን ነው እጇን ይዞ ያስገባት?»

ሙዚቃው አሁንም ይጫወታል። ከዚያ የሁሉም ዓይን፣ የገዛ አጎቶቹም ጭምር፣ ወደ ዓብዲዓዚዝ ዞረ።

«እኔ… እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ…»

«አስገብተሃታል» አሉ ሽማግሌው። «ታማሚዋ አንተ ጋ ትቀመጥ። ወገኗ ስልኩን አንሥቶ ካሳውን እስኪከፍል ድረስ ፈጠነ ያንተን መኪና ይንዳ።»

ቅዳሜ ጠዋት ዳሀቦ ደጅ ላይ አንዲት ነጭ መኪና ቆመች። ዳሀቦ ዞራ ዞራ አየቻት።

«የማን ናት?»

«የሽማግሌ ፍርድ ናት። ግቡ ልጆች!»

ያችን ዳገት ያለ ጩኸት ወጡ። በዓብዲዓዚዝ መሸጫ በኩል ሲያልፉ ነጋዴው በቆመችው መኪና ተደግፎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ፈጠነ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ ሙዚቃው እስከ መንገዱ ተሰማው።

«አነሡ?»

«ዝም በል፣ አታደናግረኝ!»

«አልነበረበትም ይሉሃል» አለው ፈጠነ፣ ማርሽ እያስገባ። «እንዳትናደድ።»