መርዶ ይዘን ወደ ደብረ ወርቅ

ጎጃምን ለማየት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዳር ገብቶ፣ ሐይቁን ዞሮ፣ ዓሣውን በልቶ ይመለሳል። እኔም ሁለት ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ባለፈው ኅዳር ግን ባሕር ዳርን ትቼ ደብረ ማርቆስን፣ ቁይንና ደብረ ወርቅን ብቻ ለማየት ተነሣሁ። ስለ እነዚህ ከተሞች ለመንገደኛ የሚጠቅም ጽሑፍ እምብዛም አላገኘሁም፤ ስለዚህ መንገዱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን በጥንቃቄ መዝግቤ ለሌላ ተጓዥ ለማካፈል አሰብሁ። የአምስት ቀን ልብስ፣ አንድ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ያዝሁ።

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ሲነሣ ገና አልነጋም ነበር። በሦስት ሰው ወንበር ላይ መስኮቱ ሥር አንድ ሽማግሌ፣ መካከል ላይ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት፣ ዳር ላይ እኔ ተቀመጥን። ሴትዮዋ ይታይሽ ትባላለች፤ አዲስ አበባ ውስጥ በልብስ ስፌት ትተዳደራለች። ሽማግሌው አጎቷ አያ ደሳለኝ ናቸው። ከደብረ ወርቅ አጠገብ ካለው መንደራቸው ድረስ መጥተው ይዘዋት እየተመለሱ ነበር። እናቷ የመሬቱን ደብተር በስሟ ልታዞርላት ስለ ፈለገች መገኘት እንዳለባት የነገሯት እሳቸው ናቸው።

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ይገባ ጀመር፤ ተሳፋሪው ጋቢውን አወለቀ። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው አውቶቡሱ ከእግረኛ ብዙም አይፈጥንም ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም።

«አያ ደሳለኝ አዲስ አበባ ላይ አፋቸውን ቆለፉ፤ አሁን ደግሞ ቁልፉን አባይ ጨመሩት» አለች ይታይሽ። ሰዎች ሣቁ። እሳቸው ግን አልሣቁም።

ረፋድ ላይ፤ ደጀን

ለቁርስ ወረድን። ይታይሽ እጇን ልትታጠብ ስትሄድ ሽማግሌው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ለአቧራው ብዬ ጥቁር ሻርብ አድርጌ ነበር።

«እህቴ፣ ይህን ሻርብ ቢያወልቁልኝ» አሉ። «ጥቁር ነገር ባታይ ነው የምወድ።»

ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። የይታይሽ እናት እሑድ ዕለት ዐርፋለች፤ ተቀብራለችም። ልጅቱ አታውቅም። በአገራቸው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይም አይነገርም። ሊነጋጋ ሲል፣ በገዛ ደጇ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዛት ሰው ቆሞ ነው የሚነገራት። እንዲይዙላት የሰጠቻቸውን ስልክ አጥፍተው ባትሪው አለቀ ብለዋታል። በቀጥታ ከሄድን ግን ዛሬውኑ እንደርሳለን፤ ዘመድ የሚጠብቃት ደግሞ ነገ ማለዳ ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ ጉዳይ አለብኝ ብለው ሊያቆይዋት፣ ቁይ ላይም ሊያሳድሯት አስበዋል።

«እኔ አብሬያት ከዋልሁ ፊቴ ይናገርብኛል» አሉ። «እርስዎ አገር ሊያዩ ከመጡ፣ እባክዎ እሷንም ይዘው ይዙሩልኝ።»

ሻርቡን አውልቄ ከቦርሳዬ ሥር ከተትሁት።

ከቀትር በኋላ፤ ደብረ ማርቆስ

ደብረ ማርቆስ ቀዝቃዛ፣ ባሕር ዛፍ የከበባት፣ ባጃጅ የበዛባት ከተማ ናት። በስተሰሜን የጮቄ ተራራ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው የጤፍ ማሳ ሊታጨድ ደርሶ ነበር። አያ ደሳለኝ ወደ ጉዳያቸው ሲሄዱ እኔና ይታይሽ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ድንች ቅቅል በአዋዜ በላን። በአካባቢው ከቀመስሁት ሁሉ የጣመኝ ይህ ድንች ነው፤ ደረቅና ዱቄታማ ነው። ይህንኑ ስጽፍ ይታይሽ አንገቷን አስግጋ አየችና «እትዬ፣ ድንቹም ይጻፋል? እንግዲያው አዋዜው እንዳይቀየምዎ» አለችኝ።

ቤተ ክርስቲያኑን ስንሳለም ግንባሯን በሩ ላይ አሳርፋ ለእናቷ ዕድሜ ስትለምን ሰማሁ። «አሜን» ማለት ይገባኝ ነበር።

ገበያ ውስጥ ለእናቷ ሽፍን ጫማ መረጠች። የእናቷ እግር ከእኔ ጋር እኩል መሆኑን በዓይኗ ለክታ «እስኪ ያጥልቁልኝ» አለችኝ። አጠለቅሁት፤ ልክ ሆነ። እሷ ግን አልተስማማችም፤ የእናቷ እግር ክረምት ክረምት ስለሚያብጥ ሰፋ ያለውን አወጣች። ያንንም አጥልቄ በሱቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተራመድሁ። ከዚያ በኋላ ስላየናቸው ቦታዎች ደብተሬ ውስጥ የሰፈረ ነገር የለም።

12 ሰዓት ገደማ፤ ቁይ

ከአያ ደሳለኝ ጋር ተገናኝተን በሚኒባስ ቁይ ስንደርስ ገበያው ተበትኖ፣ አህዮች ባዶ ጆንያ ተጭነው ይመለሱ ነበር። ንጹሕና ጠባብ ክፍል ለሦስት መቶ ብር አገኘሁ። ይታይሽ በሩ ላይ መጥታ ስልኬን ለመነችኝ፤ እናቷን ሳታናግር መተኛት አልቻለችም። ሒሳብ እንዳለቀብኝ ነገርኋት። ሐሰት ነበር።

«ታዲያ ካርድ ገዝቼ እሞላልዎታለሁ» ብላ ተሻግራ ወደ ሱቅ ሄደች። ተከተልኋት፤ አያ ደሳለኝም ከኋላችን መጡ። ባለሱቁ አረጋዊ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ የእናቷ ደንበኛ ስለ ነበሩ ከልጅነቷ ያውቋታል። ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ከኋላ የቆሙትን አያ ደሳለኝን ሲያዩ ደግሞ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ካርድ አልቋል፣ ልጄ።»

«ሐጂ፣ ከራስዎ በላይ የተንጠለጠለውስ?»

«እሱ የሰው ነው፤ ተከፍሎበታል» አሉ ወደ ላይ ሳያዩ።

ይታይሽ ሦስታችንንም በየተራ ተመለከተች። በዚህ ጊዜ ማንም ያላዘዘኝን ተናገርሁ። «ነገ ማለዳ እንደርስ የለ? ድንገት ብትደርሽባት አይሻልም? ጫማውንም በእጅሽ ትሰጫታለሽ።» ፊቷ በራ። «እውነትዎን ነው፤ ከደወልሁማ ዶሮ ሳይጮህ ደጅ ወጥታ ብርድ ይመታታል» አለችና እየሣቀች ወደ ክፍሏ ገባች። ባለሱቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለአያ ደሳለኝ አንገታቸውን ደፉ።

ሐሙስ፣ ሊነጋጋ ሲል

ከመኪና ወርደን በእግር መንገዱ ጥቂት እንደ ሄድን ቤቱ ታየ። ደጁ ላይ ሰው በጋቢ ተሸፍኖ በረድፍ ተቀምጧል፤ የሚናገር የለም። ይታይሽ ቆመች። ሰዎቹን አየች፤ ቀጥላም እኔን። የጫማውን ፌስታል አቀበለችኝ። ሁለት ሴቶች መጥተው ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቀው አሰሩና ግራና ቀኝ ያዟት። የንስሐ አባቷ ተነሥተው «ልጄ፣ እናትሽ ዐርፋለች» አሏት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም። መሬት አልወደቀችም፤ ይህን ብቻ እመሰክራለሁ።

ሁለት ቀን ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አስጠራችኝ። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«ከትናንት በስቲያ ቀኑን ሙሉ እናት ነበረችኝ» አለች። «እርስዎን ልቆጣ እላለሁ፤ ደግሞ ያን ቀን ማን ይሰጠኝ ነበር እላለሁ። ሁለቱንም አልቻልሁበትም።»

እኔም ይቅርታ መጠየቅ እንደሚገባኝና እንደማይገባኝ ሳለይ አጠገቧ ቆየሁ።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ በእግሬ ደብረ ወርቅ ደረስሁ። በኮረብታው ላይ ያለችው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን፣ የተማሪዎቹ ጎጆዎችና ቁልቁል የሚታየው እርሻ የሩቅ ተጓዥ ሊያያቸው የሚገቡ ናቸው፤ ከጥድፊያ ነጻ የሆነ ሙሉ ቀን ይጠይቃሉ። እኔ ግን ሁለት ሰዓት ብቻ ቆይቼ ተመለስሁ። እሑድ አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ ገባሁ።

በመንገዱ ሁሉ የማስበው ታናሽ እህቴን ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት አባታችን ሲሞት በስልክ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገርኋት እኔ ነኝ። እውነትን ሳልሸፋፍን መናገሬን እንደ አክብሮት ቆጥሬው ነበር። እሷ የሰማችው ታክሲ ውስጥ፣ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል ነው። ወቅሳኝ አታውቅም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስደውልላት ቶሎ አታነሣም።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ኮልፌ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። በዚያ ሰዓት የሚንኳኳ በር ምን ይዞ እንደሚመጣ የገባኝ ፊቷን ካየሁ በኋላ ነው።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኋት። «የአባባን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረች፤ መደቡ ላይ ተቀምጣም አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።