ለሐኪሙ ያልተረጎምኩት

እናቴን ነቀርሳ ሲይዛት እኔ ሆሳዕና አቅራቢያ ባለችው ጃጁራ አስተማሪ ነበርኩ። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም በየሦስት ሳምንቱ መድኃኒት በደም ሥሯ ይሰጣት ስለነበር፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት እያወጣሁ ከሆሳዕና በአውቶቡስ ይዣት እመላለስ ነበር። እናቴ አፏን የፈታችው በሀዲይኛ ነው። ቅቤ ስትሸጥ ከነጋዴ የለቀመቻት አማርኛ ብትኖራትም፣ ለገበያ እንጂ ለሐኪም ቤት አትሆንም ብዬ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ምእመናኑ በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። ለእናቴ ሊጸልዩ ሲመጡም ባዶ እጃቸውን አይመጡም። በመንግሥት ክሊኒክ የምትሠራ አንዲት እህት በጋዜጣ የተጠቀለለ ቫይታሚን አመጣችልን፤ ብርቱካንማ ክኒንና ቀይ እንክብል። ደም ይተካል፣ ያበረታል አለችኝ። አመንኳት። አንዱ ካበረታ ሁለቱ ይበልጥ ያበረታል ብዬ እጥፍ አድርጌ እሰጣት ጀመር።

በሦስተኛው ጉዟችን ሐኪሙ እስክሪብቶውን አንስቶ እናቴ ሌላ የምትወስደው ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። ተረጎምኩላት። እሷም የክኒኑን ቀለም ሳይቀር፣ ማን እንዳመጣውም ጨምራ በሀዲይኛ ነገረችኝ።

«ምንም የለም፣ ዶክተር» አልኩት።

በዚያ ዘመን እስክሪብቶ ይዞ ለሚጠይቅ ሁሉ የለም ማለት ለምዶብን ነበር። የዚያች እህት ስም ወረቀት ላይ እንዳይሰፍር ፈራሁ፤ ስሟን ሳልጠራ ቫይታሚኑን ብቻ መናገር እንደምችል እንኳ አልታየኝም። ሐኪሙ ጽፎ ሲያበቃ፣ የጠየቀኝ ቫይታሚንም ቢሆን ሲበዛ መድኃኒቱን እንዳያዳክምበት ስለሚሰጋ መሆኑን ነገረኝ። ቃሌን ለመለወጥ አፈርኩ። ይህን ለእናቴ አልተረጎምኩላትም።

ስንመለስ ቡታጅራን እስክናልፍ በመስኮት ስትመለከት ቆየች። ከዚያ በሕይወቷ አናግራኝ በማታውቀው አማርኛ፣ «የለም አልሽው» አለችኝ።

ይህን ብላ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረቻቸውን ክኒኖች ፈትታ ያለ ውሃ ዋጠቻቸው። እጇን መያዝ ነበረብኝ፤ አልያዝኩም።

በማግስቱ የተረፈውን ቫይታሚን ጓሮ ቀበርኩት። እናቴ ክረምቱ ሳያልቅ ሞተች። ከዚያ ወዲህ የጠየቅኋቸው ሐኪሞች በሽታው ድሮውንም ሥር የሰደደ ነበር፣ በክኒን አታሳብቢ ይሉኛል።

እኔን የሚያባንነኝ ግን ሌላ ነው። የለም ማለቴን የሰማች እናት፣ ሐኪሙ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም ሰምታው ይሆን? ሰምታው ከነበረ፣ ክኒኖቹን የዋጠቻቸው ማስጠንቀቂያውን እንዳልሰማች መስላ እኔን ላለማሳፈር ነው።