አቶ ሳህሌ ልጃቸውን ከሰፈር ያራቁበት ክረምት

አቶ ሳህሌ ጉልበታቸውን የጨረሱት ሐዲድ ላይ ነው። ከአቃቂ እስከ ሞጆ ባለው መስመር ጠጠር ሲሞሉ፣ ብሎን ሲያጠብቁ፣ ጎርፍ የሸረሸረውን ሲደግፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው በላይነሽ ቀደም ብለው ዐርፈዋል። የቀረችላቸው አንዲት ልጅ አቻምየለሽ ናት። እሷም በሰባ ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ልትማር ቡልጋሪያ ሄደች።

በሰባ ሦስት ሰኔ ማለቂያ ላይ ለክረምት እረፍት እንደምትመጣ ሰሙ። ደስ አላቸው፤ ግን ደስታው አላደረም። ወደ ውጭ የተላከ ልጅ ትምህርቱን ሳይጨርስ፣ ለእረፍት ብሎ ሲመጣ አይተው አያውቁም። ማን ፈቀደላት? ምን ብላ አስፈቀደች? ጠላ ቤት ተቀምጠው እንኳ ይህን ለሰው አላነሱም። ጥያቄው ራሱ ወደ ሌላ ጥያቄ እንደሚወስድ ያውቃሉ።

እንግዳ መምጣቱን ለማሳወቅ ቀበሌ ሄዱ። የቀበሌው ጸሐፊ ቡልቻ ነበር። ቡልቻ በወጣትነቱ በእሳቸው ሥር ሐዲድ ይጠግን የነበረ፣ "ጋሼ" እያለ አካፋቸውን የሚሸከምላቸው ልጅ ነው። አሁን "ጓድ ሳህሌ" ይላቸዋል። ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "ሕመምዎስ እንዴት ሆነ?" አላቸው።

የምን ሕመም ሊሉ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ያዙት። "ደህና ነው፣ ተመስገን" ብለው ወጡ። ቤት እስኪደርሱ ድረስ ይህችን ነገር ሲያገላብጧት ሄዱ። ራሳቸውን እንኳ አሟቸው አያውቅም። ቡልቻ ከማን ሰማ? እንዲህ ብሎ የጠየቃቸውስ ምን ሊያወጣጣቸው ፈልጎ ነው?

ይህ አንዱ ጭንቀታቸው ነው። ሌላው ግን ይብሳል።

ከቤታቸው ፊት ለፊት ኡምሰልማ ትኖራለች። ከወሎ የመጣች፣ በአቃቂ በሰቃ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ከሊል በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ ሞተባትና ከአንድ ልጇ ከሰዓደት ጋር ቀረች። ሰዓደትና አቻምየለሽ አንድ ክፍል የተማሩ፣ አንዷ ቤት በልተው አንዷ ቤት የሚተኙ ልጆች ነበሩ። አቻምየለሽ በሄደች በጥቂት ወር ውስጥ ግን ሰዓደትን ወፍጮ ቤት ወረፋ ከያዘችበት ታጣቂዎች ጠርተው ወሰዷት። ማን እንደጠቆመባት የሚያውቅ አልነበረም። ወይም የሚያውቅ አልተናገረም።

ኡምሰልማ ስንቅ ስታመላልስ አቶ ሳህሌ አብረዋት ይሄዱ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እግሩን ሲሰበስብ፣ የሰዓደትን አባት ቦታ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ ከሴቶቹ ጋር ቆሙ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ዘበኛው ሳህኑን ሳይከፍተው መለሰው። ከእንግዲህ አታምጡ አላቸው። ኡምሰልማ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ማልቀስም ክልክል ስለነበር ዝም ብላ ተቀመጠች።

ይህን ለልጃቸው እንዴት ይጻፉ? ደብዳቤ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ማን ያውቃል! ሰዓደት ደሴ አግብታ ሄደች ብለው ጻፉ። አቻምየለሽ ባሏ ማነው አለች፤ ነጋዴ ነው አሉ። ወለደች ወይ አለች፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች አሉ። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ ሄደ። ከዚያ አቻምየለሽ መጠየቅ አቆመች።

አሁን ልትመጣ ነው። ኡምሰልማ ወንድሟ ሞቶባት ለልቅሶ ኮምቦልቻ ሄዳ ነበር፤ የምትመለሰው ከቀናት በኋላ ነው። አቶ ሳህሌ የልጃቸውን ክረምት እንደ ድሮው የጥገና ሥራቸው አሰቡበት። መጀመሪያ ዱከም፣ ከድሮ ባልደረባቸው ከሮሪሳ ዘንድ። ቀጥሎ ደብረ ዘይት ሐይቁን ማሳየት። ከዚያ ሶደሬ ፍል ውሃ። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል። በጠዋቱ ባቡር ወጥቶ፣ ሰው በሩን ሲዘጋ መመለስ፤ ከጎረቤት ጋር ቆማ የምታወራበት ጊዜ እንዳይኖራት። እውነቱን አንዱ ጉዞ ላይ፣ ከጆሮ ርቀው እነግራታለሁ ብለው ለራሳቸው ማሉ።

አቻምየለሽ መጣች። ቀጥና፣ ጸጉሯን አሳጥራ፣ ደረቷ ላይ ቀይ ዓርማ ለጥፋ። አባቷን አቅፋ አለቀሰች። ማታ እራት ሲበሉ ስለ ሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ ጠየቀች። የቀበሌው ሊቀ መንበር አሁን ማነው? በሰባ ላይ ማን ነበር? ቡልቻ እዚህ ቤት ይመጣል? ስለ ሰዓደት ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ፊት ለፊት ያለውን በር እያየች እንኳ አልጠየቀችም።

አቶ ሳህሌ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። እንደ ጥላ ተከትላት የኖረችውን ሰዓደትን እንዴት ረሳቻት? ይህች ልጅ የምትጠይቀው ጥያቄ የናፈቀ ሰው ጥያቄ አይመስልም። መርማሪ የሚጠይቀውን ነው የምትጠይቀው። ለስለላ ልከዋት ይሆን? የገዛ ልጃቸውን እንዲህ በማሰባቸው አፈሩ፤ ግን ሐሳቡ አልለቀቃቸውም።

ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበርና ቡልቻ ዘንድ ሄዱ። ሌላው ሰው የሚጉላላበትን ወረቀት ቡልቻ እዚያው ማኅተም መትቶ ሰጣቸው። አየር መለወጥ ለጤናዎ ጥሩ ነው አላቸው። ይህም አልጣማቸውም።

ዱከም ዘነበባቸው። ሮሪሳ ወተት አጠጥቶ፣ ጭቃ ውስጥ የተነከረ የጤፍ ማሳውን አሳይቶ ሸኛቸው። አቻምየለሽ ከሮሪሳ ጋር ስትጫወት ሳቀች፤ ከአባቷ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ዝም አለች። ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ደብረ ዘይት ሲሄዱም ያንኑ ሰው አዩት። አቶ ሳህሌ ልጃቸውን ይዘው ፉርጎ ቀየሩ። ሰውየው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ምናልባት ከብት ነጋዴ ነው። ምናልባት አይደለም።

ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ደመናው ውሃው ላይ ወርዶ ነበር፤ በአካባቢው ሰው የለም። አቶ ሳህሌ አሁን ልናገር ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቻምየለሽ ቀደመቻቸው።

"አባባ፣ ይለፉን ቡልቻ እንዴት ወዲያው ይሰጥዎታል? ሌላው ሰው ስንት ቀን ይመላለሳል ሲባል ሰማሁ።"

"በእኔ ሥር የሠራ ልጅ ነው" አሉ።

"ታዲያ እሱ ለእርስዎ ሲያደርግልዎ፣ እርስዎስ ምን ያደርጉለታል?"

ቀና ብለው አዩዋት። ፊቷ ላይ ያለውን አስተያየት ያውቁታል። እሳቸው ራሳቸው ቡልቻን የሚያዩት እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ገባቸው፤ ልጃቸው እሳቸውን ነው የምትጠረጥራቸው። በምን እንደሆነ አላወቁም። ሊናገሩት የነበረውን ተዉት። ዝናቡ ሳይመጣ እንሂድ ብለው ተነሡ።

ሶደሬ የሚሄዱ ቀን ጠዋት ጣቢያው ውስጥ ቆመው ሳለ ኡምሰልማ ዘንቢል አንጠልጥላ ከች አለች። ከተጠበቀችበት ቀን ቀድማ፣ ያደረችበት ልብስ ላይ ነጠላ ደርባ። ማታ ገብታ ኖሯል። አቻምየለሽ መምጣቷንም ጠዋት በሩን ስትከፍት ከጎረቤት ሰምታ ነው ወደ ጣቢያው የሮጠችው። አቅፋት ጉንጯን ስማ ስማ አልበቃት አለ። ከዚያ ወዴት ነው ጋሽ ሳህሌ አለች። ሶደሬ ሲሏት፣ እኔም ጉልበቴን ያመኛል፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ ብላ፣ ቀኑ ባላለፈው የኮምቦልቻ ይለፏ ቲኬት ቆረጠች።

አቶ ሳህሌ የሚያስቀሩበት ሰበብ አጡ። ለኡምሰልማ በልጇ ስም የፈጠሩትን ትዳርና ልጅ ነግረዋት አያውቁም።

ዱከምን እንዳለፉ አጠገባቸው የነበሩት መንገደኞች ወርደው፣ ፉርጎው ጥግ ላይ አንድ የተኛ ሽማግሌ ብቻ ቀረ። አቻምየለሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"እትዬ ኡምሰልማ፣ የሰዓደትን ነገር ሰምቻለሁ። ከሰማሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ።"

ሶፊያ ውስጥ አንድ የአቃቂ ልጅ አግኝታ ኖሯል። ልጁ የጠቆመባት አንድ የባቡር ጡረተኛ ነው ይባላል አላት፤ ስም ግን አያውቅም። እሷ ደግሞ አባቷ ሰዓደት አገባች፣ ወንድ ወለደች እያሉ ይጽፉላታል። ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ ያለ ውሸት ለምን ይፈጥራል ብላ ሁለት ዓመት ከራሷ ጋር ስትከራከር ቆየች። በመጨረሻ አባቴ በጠና ታሟል ብላ አስፈቅዳ መጣች። ስትመጣ ደግሞ አባቷ ከሰፈር ያርቋት ጀመር።

አቶ ሳህሌ የሕመሙ ነገር አሁን ተገለጠላቸው። ኡምሰልማ ወደ እሳቸው ዞረች።

"ወንድ ልጅ ወለደች ብለው ጻፉ?"

"ጻፍኩ።"

"ማን አሉት?"

አቶ ሳህሌ መስኮት መስኮቱን እያዩ፣ "ከሊል" አሉ።

ኡምሰልማ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ባቡሩ ድልድይ ተሻገረ። ዘበኛው ሳህኑን እንደመለሰበት ቀን ዝም ብላ አልቀረችም፤ በዚህ ቀን አለቀሰች። ሲወጣላት አቻምየለሽን እጇን ያዘቻት።

"ልጄ፣ እሳቸውን ከጠረጠርሽ እኔንም ጠርጥሪኝ። የወለድኳት እኔ ነኝ፤ በሩ ላይ ግን አብረን ነው የቆምነው። ዘመዶቼ እንኳ ሳይመጡ እሳቸው ሳህኑን ይዘው ቆመዋል። የባቡር ጡረተኛ ነው ብሎ ያወራው ሰው፣ እሳቸውን በሩ ላይ አይቶ ይሆናል።"

"ታዲያ ማነው?" አለች አቻምየለሽ።

"አላውቅም። በየቀኑ ከሚገዙኝ ሰዎች አንዱ ይሆናል። በርበሬ ስመዝን እጃቸውን አያለሁ።"

ጥግ ላይ ያለው ሽማግሌ ተንቀሳቀሰ። ሦስቱም ወሬ ቀየሩ። እስከ ናዝሬት ድረስ ስለ ዝናቡ ብቻ አወሩ።

ከናዝሬት በአውቶቡስ ሶደሬ ሲደርሱ ኡምሰልማ እግሯን ፍል ውሃው ውስጥ ነክራ ተቀመጠች። አቻምየለሽ አባቷ ካሉበት ድንጋይ መጥታ ጎናቸው ተቀመጠች። ይቅርታ አላለችም፤ እሳቸውም አልጠበቁም። ያኔ እስር ቤቱ በር ላይ ሲቆሙ ምን ይለብሱ እንደነበር፣ ዘበኞቹ ምን ይሏቸው እንደነበር ጠየቀቻቸው። የሚያስታውሱትን ሁሉ ነገሯት። ሲናገሩ ጊዜው ረፍዶ፣ ለመልስ ባቡሩ በሩጫ ደረሱ።

ከዚያ በኋላ ይለፍ አልተገኘም። ቡልቻ አስጠርቷቸው፣ በሦስቱ ቦታዎች ማንን እንዳገኙ፣ ቅመም ሻጯ ለምን እንደተከተለቻቸው ጠየቃቸው። ለጉልበቷ ነው አሉ። መልሳቸውን ጽፎ አስፈረማቸው፤ አካፋቸውን ይሸከም በነበረበት እጁ ብዕሩን አቀበላቸው። ወረቀቱ የት እንደደረሰ አያውቁም። ብዙ ወራት በር ሲንኳኳ ይደነግጡ ነበር።

አቻምየለሽ የቀረውን ክረምት በሰቃ ገበያ ከኡምሰልማ ጎን ተቀምጣ አሳለፈች። ገዢው ሲመጣ ሁለቱም ቀና ብለው ፊቱን ያያሉ፤ የሚያውቁት ነገር ግን አልነበረም።

ጳጉሜን ላይ ስትመለስ አቶ ሳህሌ ሻንጣዋን ይዘው ሸኟት። ደብዳቤ ስትጽፍላቸው ስለ ሰፈሩ ምን እንድትጠይቅ ጠየቀቻቸው።

"ምንም አትጠይቂ" አሏት። "በደብዳቤ ደህና ነን እልሻለሁ። እውነቱን ስትመጪ በቃሌ እነግርሻለሁ።"

ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ እዚያው አቃቂ ሥራ ያዘች። እሁድ እሁድ አባትና ልጅ በሐዲዱ ዳር ረጅም መንገድ ይሄዱ ነበር። ከኋላ ሰው ሲመጣ ዝም ይላሉ፤ ሲያልፋቸው ደግሞ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።