ከወለል በላይ

አንድ ሰው የእናንተን ስሕተት የራሱ አድርጎ ተሸክሞ ሲሄድ፣ ዝም ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ በአንድ አፓርታማ መሰብሰቢያ ክፍል፣ አውሮፕላን ማብረር ለሚማሩ ሐበሾች ቅዳሜ ቅዳሜ የፈተናውን ትምህርት በአማርኛ አስተምራለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ አሁንም ላስረዳችሁ። የበረራ ካርታ ላይ ወፍራም ሰማያዊ መስመር ካያችሁ፣ ያለ ተቆጣጣሪ ፈቃድ የማይገባበት ሰማይ ወሰን ነው። እዚያው ሁለት ቁጥሮች ተደራርበው ተጽፈዋል። የላይኛው የዚያ ሰማይ ጣሪያ ነው፤ የታችኛው ወለሉ። ሁለት ዜሮ ጨምራችሁ ታነቡታላችሁ፤ 45 ማለት 4,500 ጫማ ነው። የሚለካው ከባሕር ወለል ነው እንጂ ከሥራችሁ ካለው መሬት አይደለም።

አሁን በትክክል ጻፍኩት። ያኔ ክፍል ውስጥ ግን ያልኩት «ከወለል በላይ» ብቻ ነበር። ማሳጠር ስለምወድ «ባሕር» የምትለዋን ቃል ዋጥኳት። ወለል ደግሞ ለማንም ሰው የቆመበት ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ ጋሽ መኮንን ነበሩ። በቅርብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩ፣ ለጡረታ የተቃረቡ አውቶቡስ ነጂ። «መምህርት፣ ሰማይ ላይ ፌርማታው የት ነው?» እያሉ ክፍሉን ያስቁት ነበር። በቃል ፈተናቸው ቀን ፈታኙ ካርታውን ዘርግቶ፣ 45 ከተጻፈበት ሰማይ በታች እስከ ምን ያህል መውጣት እንደሚችሉ ጠየቃቸው። ጋሽ መኮንን የመሬቱን ከፍታ ካርታው ላይ ፈለጉ፤ አራት መቶ ጫማ ነው። እንዳስተማርኳቸው ከወለሉ ለኩ፣ ደመሩ፣ «እስከ 4,900» አሉ። ወደቁ።

ቅዳሜ መጥተው በተማሪዎቹ ፊት ጠየቁኝ።

«መምህርት፣ ከወለል ብለሽ አልነበር? ወይስ ጆሮዬ ነው?»

«ከባሕር ወለል ነው ያልኩት፣ ጋሼ። ረስተውት ይሆናል።»

ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አባቴንም እንዲህ ነበር የጀመራቸው» አሉ።

አባታቸው መጨረሻ ላይ የልጆቻቸውን ስም አያውቁም ነበር። ይህን ጋሽ መኮንን ቀድመው ነግረውኝ ነበር። እያወቅሁ ዝም አልኩ። ለምን? ክፍሉ ሙሉ ስለነበር? አዳዲስ ተማሪዎች ስለመጡ? የማትሳሳት መምህርት መባል ስለፈለግሁ? ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም አያድነኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ «ከባሕር» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። ለምን እንዳሰመርኩ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ጋሽ መኮንን ያን ቀን አልመጡም። ከዚያም በኋላ አልመጡም።

ከወራት በኋላ ልጃቸው ኮል አደረገችኝ። «አባዬ መንዳት ስቶፕ አደረገ። ምድጃውን እንኳን ‹ቼክ አድርጊልኝ› ይለኛል። እስቲ አናግሪው፣ አንቺን ይሰማል።»

ልነግራቸው ቆርጬ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። በር ከፍተው ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ሶፋው ላይ ለተቀመጠ ጎረቤታቸው አስተዋወቁኝ።

«መምህሬ ናት። መርሳት ስጀምር ከሁሉ ቀድማ የነቃችብኝ እሷ ናት። ዶክተሩማ መርምሮ ምንም የለብህም ይላል። ምን ያውቃል እሱ፤ እሷ ናት የምታውቀኝ።»

ከዶክተሩ ይልቅ እኔን አመኑ። ያኔም ከገዛ ጆሯቸው ይልቅ እኔን አምነው ነበር። ጎረቤትየው በአክብሮት እጄን ጨበጠኝ። እኔም የቀረበልኝን ሻይ ጠጥቼ፣ «አይዞዎት ጋሼ» ብዬ ተመለስኩ። አይዞዎት አልኳቸው። ሁለተኛው ውሸቴ ይኼ ነው፤ ከመጀመሪያው ይከፋል።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታው የጋሽ መኮንን ነው፤ እሳቸውን ደግሞ ገና አልጠየቅኋቸውም። መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን የምለውን አውቀዋለሁ፤ በራቸው ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል።

እናንተ ግን ሞክሩት። ካርታውን ዘርጉ፣ ሰማያዊውን መስመር በጣታችሁ ተከተሉ፣ የታችኛውን ቁጥር አንብቡና «ከየት ተነስቶ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህኛው ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ያመናችሁ ሰው አንድ ቀን «ወይስ ጆሮዬ ነው?» ሲላችሁ ነው። ያን ጊዜ ዓይኑን እያያችሁ፣ ሰው ፊትም ቢሆን፣ «አይደለም፣ የኔ አፍ ነው» ማለትን ሞክሩ።