ኮርቻ የተጫነው ጅብ

ልጅ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት አፍንጫዬ ውስጥ ጥላሸት ይገኝ ነበር። እናቴ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገችልኝ «ኩራዙን ልትበይው ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር። ጥፋቱ የአያቴ ነው። አያቴ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ፤ ከአዘና ገጠር መጥተው ዳንግላ ከእኛ ጋር መኖር ሲጀምሩም ሥራቸውን አልተዉም። ቆዳ አንዴ በስህተት ከተቆረጠ የማይመለስ ስለሆነ መጀመሪያ ልኩን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ያወጡታል። ከልኩ የተረፈውን ቁራጭ ማታ አጥፈው አጥፈው በመቀስ ይዞሩታል፤ ሲዘረጉት ፈረስ ይሆናል፣ ወይም ጅብ፣ ወይም አንገት ለአንገት የተያያዙ ስድስት ባዝራዎች። ያንን ኩራዙ ፊት ይዘው ጥላውን ግድግዳው ላይ እያስኬዱ በአገውኛ ተረት ይነግሩኛል፤ እኔም አንድ ነገር እንዳያመልጠኝ ከጭሱ ሥር አልነሣም።

ከሁሉም የምወደው የጅቡን ነበር። ጅቡ ፈረሶች መሐል ለመግባት ኮርቻ ሰርቆ ጀርባው ላይ ያስራል፤ ወደ ዘንገና ሐይቅ ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ አብሯቸው ይወርዳል፤ አፉን እስካልከፈተ ድረስ ማንም አይለየውም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ባዝራ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች፤ እሱም ሲመልስ ጉዱ ይወጣል። ያቺ ጥያቄ በአገውኛ አጭር ነበረች፣ ዜማም ነበራት። አያቴ እሷ ላይ ሲደርሱ መቀሱን ያስቀምጣሉ፣ ፍሙን ቆስቆስ ያደርጋሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ያኔ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ።

ሦስተኛ ክፍል ስደርስ አንዲት የክፍሌ ልጅ በራችን ላይ ቆማ አያቴ ከእናቴ ጋር ሲነጋገሩ ሰማችና «ምንድን ነው የሚሉት?» ብላ ሳቀች። የዚያን ዕለት ማታ «አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ በአማርኛ ይንገሩኝ» አልኳቸው። እሺ አሉ። የአያቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ኮርቻ ለመሸጥ ይበቃል፣ ለተረት ግን ያጥራል። ወንዱን ሴት ያደርጉታል፣ ሴቷን ወንድ።

«ጅቡ መጣች» ይላሉ።

«መጣ ነው የሚባለው፣ አባባ!»

«መጣ» ይላሉ ደስ እንዲለኝ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ጅቡ ኮርቻ ጫነች» ይላሉ። የባዝራዋ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ግን «ይቺ በአማርኛ እንቢ አለች» ብለው እንደ ጥንቱ በአገውኛ ይሏታል። እኔ ያኔ ሁለት ጆሮዬን በእጄ እደፍን ነበር። ያንን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ለወላጆች ቀን ተረት የሚያቀርብ ተማሪ ተፈለገ፤ እጄን አወጣሁ። ከአያቴ ሣጥን ጅቡንና ባዝራዎቹን ወሰድኩ። ተረቱን ያቀረብኩት በአያቴ አማርኛ ነው። ሳላስበው አመለጠኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ሦስት ቀን ሙሉ መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። ወገቤን ጎበጥ አደረግኩ፣ ጉሮሮዬን እንደሳቸው ጠረግኩ፣ «ጅቡ መጣች!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የባዝራዋ ጥያቄ ላይ ስደርስ የሚያስቅ ነገር ስለጠፋኝ ከራሴ ፈጥሬ «ኛንጉ ኛንጉ ኚ!» አልኩ። ከሁሉ የበለጠ የተሳቀው በዚህ ነው።

ቀና ስል አያቴን አየኋቸው። መጥሪያውን የሰጠሁት ለእናቴ ነበር፤ እሷ አልመች ብሏት እሳቸውን ልካለች። የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ከሰው ጋር ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ። አልገባቸውም ብዬ ራሴን አታለልኩ። አንድ ደርዘን ደብተር ተሸለምኩ፤ ተሸክመው ቤት ያደረሱልኝም እሳቸው ናቸው።

ማታ እንደ ወትሯቸው ቁራጭ ወረቀት አጠፉ፣ ቆረጡ፣ ዘረጉ። ጅቡ ነበር፣ ከነኮርቻው። ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝና «አንቺ ተናገር» አሉኝ። «አንቺ ታውቃለህ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ተናገሪ ነው የሚባለው» ለማለትም አፌ አልተላቀቀም፤ ኩራዙ እስኪጠፋ ድረስ ወረቀቱን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ተረት ነግረውኝ አያውቁም። አጠፋፉንና አቆራረጡን ግን በትዕግሥት አስተማሩኝ፣ እጄን በእጃቸው ይዘው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሞቱ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሦስት ዓመት ነበረኝ፤ አልጠየቅኋቸውም።

ዛሬ እንጀራዬ ወረቀት መቁረጥ ነው። እንጅባራ ትንሽ የሥራ ክፍል አለኝ፤ ፈረሶቼ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ስለ ማንነትና ስለ ቅርስ ተናገሪ ስባል ባማረ አማርኛ እናገራለሁ። አንድ ጋዜጠኛ «በሥራዎችሽ ውስጥ ያለው ዝምታ ልብ ይነካል» ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ፤ እሱ ትሕትና መስሎት ያንኑ ጻፈልኝ። እናቴን ስለ ባዝራዋ ጥያቄ ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። እሷ ያኔ ማታ ማታ ማጀት ነበረች፤ «አንድ ጅብ ነበረበት እንጂ» ከማለት በቀር የምታስታውሰው የለም።

ባለፈው ክረምት ሥራዎቼን ለሕዝብ ሳሳይ አንዲት አሮጊት ከባጃጅ ወርደው፣ ከዝናቡ ለመጠለል መሰለኝ፣ ገቡ። ከትልቁ ጅብ ፊት ቆመው በአገውኛ አንድ ነገር አሉኝ። ግማሹ ገባኝ፤ የመለስኩት ግን በአማርኛ ነው። እሳቸውም ለእኔ ብለው ወደ አማርኛ ዞሩ።

«ጅቡ ናት? ኮርቻ የጫነች?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ፈረሶቹ አላወቋትም?»

«አላወቁትም። በመጨረሻ አንዲት ባዝራ ጠየቀችው።»

«እሺ። ምን አለቻት?»

ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አቅንተው ጠበቁኝ። ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር፤ ልክ እኔ ያኔ እንደማደርገው። ወደ ምላሴ የመጣው ግን «ኛንጉ ኛንጉ ኚ» ብቻ ነበር። የአያቴን ድምፅ ልፈልግ ወደ ልጅነቴ በተመለስኩ ቁጥር የማገኘው ያንኑ ነው፤ የራሴን ድምፅ፣ የሰውም ሳቅ ከበስተኋላው።

«ጠፍታብኛለች፣ እማማ» አልኳቸው።

«አይዞሽ፣ ትመጣለች» አሉኝና ወንበር ስበው እስክትመጣ ሊጠብቁ ተቀመጡ።