የአንድ ደቂቃ ዘገባ

ክፍሉ ጣሊያን ለሲሚንቶ ማከማቻ የሠራው ነበር። ግድግዳውን ስደገፍ ትከሻዬ ነጭ ሆነ። አንድ መስኮት፣ ሦስት ብረት። ሰዓቴን፣ ቀበቶዬንና እስክሪብቶዬን በር ላይ ወስደውብኛል።

የተያዝኩት ጎንደር ከተከራየሁት ቤት በተገኘ አንድ ገጽ ምክንያት ነው። በታይፕ የተመታ፣ ስም የሌለበት። የደጋው ገበሬ ሲራብ ስለተቆለፈ የአንድ ሹም ጎተራ ይናገራል። ለሬዲዮ ያዘጋጀሁት ነበር። መርማሪው በየቀኑ "ያንተ ነው?" ይላል፤ እኔም በየቀኑ "አላውቀውም" እላለሁ። ካመንኩ ዓመታት እንደሚያስከፍለኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

አብረውኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በሰልፍ የተያዘ የነርስነት ተማሪና ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ። ሽማግሌውን ተቅማጥ አድርቋቸው ዓይናቸው ጎድጉዷል። ሆስፒታል መውሰድ ተከለከለ። አንድ ጠዋት ከጤና ጣቢያ ድሬሰር መጥቶ ክንዳቸው ላይ መርፌ ሰካ፤ የግሉኮስ ጠርሙሱን ከመስኮቱ ብረት አንጠልጥሎ ለተማሪው፣

"ስምንት ሰዓት ሙሉ ይፍሰስ ተብሏል። ልባቸው ደካማ ነው፤ ከፈጠነ ያፍናቸዋል" አለውና ሄደ።

ተማሪው ግድግዳው ላይ በጥፍሩ ጻፈ። "አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር ነው። በዚህ ቱቦ አንዱ ሚሊ ሊትር ዐሥራ አምስት ጠብታ ይወጣዋል። ዐሥራ አምስት ሺህ ጠብታ ለአራት መቶ ሰማንያ ደቂቃ ሲካፈል፣ በደቂቃ ሠላሳ አንድ።" ባዶ የእጁን አንጓ አየ። "ደቂቃውን ከየት ላምጣ? በልቤ ምት እንዳልቆጥር ልቤ እየጋለበ ነው።"

ዘበኛውን ሰዓት ለመንነው። "ምነው፣ ቀጠሮ አለህ?" ብሎ ሳቀ።

ሽማግሌው ተቆጡ። "ልጄ፣ ውሃ እየሰፈርህ ነው የምትሰጠኝ? በገንቦ አርገው!"

"አያ፣ በገንቦማ ይገድልዎታል።"

እኔ ተቀምጬ መነሣት፣ ተነሥቼ መቀመጥ አበዛሁ። ደቂቃው እኔ ዘንድ ነበር። ያን ዘገባ በሰዓት እየለካሁ፣ ቃል እየቀነስኩ፣ ልክ ስልሳ ሰከንድ አድርጌዋለሁ። በሹክሹክታ ሞከርኩት፤ ሮጠብኝ። ልኩን የሚጠብቀው ድምፅ ሲወጣ ብቻ ነው። ዘበኛው ደግሞ በሩ ሥር ተቀምጧል።

"ስጀምር ጠብታውን ቁጠር፣ ሳበቃ አቁም" አልኩት ተማሪውን።

ለሬዲዮ እንደሚነበብ አድርጌ በቃሌ ወጣሁት።

"ሃምሳ ሁለት!" አለ። የቱቦውን መቆንጠጫ አጠበቀ። ደገምኩ። "አርባ።" ሠለስኩ። "ሠላሳ አንድ!"

ሽማግሌው ቀና አሉ። "ይኼን ጎተራማ አውቀዋለሁ። በሩ ቀይ ነው፤ እሱን ረሳኸው።"

"አያ፣ በሩን ከጨመርኩ ደቂቃው ያልፋል።"

ሽማግሌው በተንቀሳቀሱ ቁጥር ጠብታው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ እየደጋገምኩ ወጣሁት። ከቀትር በኋላ፣ እየወጣሁት ሳለ በሩ ተከፈተ። ዘበኛው መርማሪውን ጠርቶታል። መርማሪው ገጹን ይዞ በዓይኑ መስመር በመስመር ይከተለኛል።

"ያንተ ነው?"

ጠርሙሱ ገና ግማሽ ነበር። እንዲጠብቀኝ እጄን አነሣሁና እስከ መጨረሻው ቃል ሄድኩ።

"ሠላሳ" አለ ተማሪው።

"የእኔ ነው" አልኩ። "የምፈርመው ግን ሰዓትዎን ለልጁ ሲሰጡት ነው።"

መርማሪው ተማሪውን አየ፣ ጠርሙሱን አየ። ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠው። እዚያው ቆሜ ፈረምኩ፤ ከዚያ ወሰዱኝ።

ዘገባው በሬዲዮ ሳይተላለፍ ቀረ። ከተፈታሁ በኋላ በገበያ ቀን ትክል ድንጋይ ወጥቼ ሽማግሌውን አፈላለግሁ። ሰዎች የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነበር፤ "ማን ይባላሉ?" ያን ሁሉ ቀን አብረን ስንውል ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። በጋዜጠኝነት ሙያዬ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።