ለቅሶ የተከለከለበት ግቢ

ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ ከወልድያ መናኸሪያ ጀርባ አዲስ ግቢ አሳየኝ። ለኪራይ ተብሎ የተሠራ ነው። ክፍሎቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተደርድረዋል፣ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ መሬቱ ሲሚንቶ፣ መጨረሻው ላይ የጋራ ቧንቧና ሽንት ቤት። ቀለሙ ገና ይሸታል። ደላላው ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ "እዚህ ነጻነት ነው እህቴ። አከራይ ግቢ ውስጥ የለም፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም፣ ማንም ማንንም አይነካም" አለኝ።

"ሰው የሞተበት የት ነው የሚቀመጠው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ምን ነካሽ፣ ገና ሳትገቢ?"

አልፈረድኩበትም። የሚያከራየውም የሚከራየውም ይህን አይጠይቅም። እኔ ግን ይህን ጥያቄ መርሳ ላይ ጠይቄ ቤት አጥቼበታለሁ።

የእኛ መንደር ግራና ከምትባለው ከተማ ከፍ ብሎ ነው። እንደ አካባቢው ልጅ ሁሉ ለሁለተኛ ደረጃ መርሳ ወረድኩ። ቅዳሜ ወደ ቤት፣ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ ወደ መርሳ፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የማሽላ ዱቄት፣ በወቅቱ ደግሞ እናቴ ከመስኖው ነቅላ የምትሰጠኝ ሽንኩርት። ፌስታሉ እጄን ይቆርጠው ነበር፤ መስመሩ አሁንም መዳፌ ላይ ያለ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የተጠጋሁት እመት ዘይነባ የሚባሉ የአባቴ ዘመድ ቤት ነበር። ደግ ናቸው። ምሳዬን ከድነው ያስቀምጡልኛል፣ ሲያመኝ አጥሚት ያፈሉልኛል። ነገር ግን እሳቸው ቤት ያደረ ሁሉ የእሳቸው ሰው ነው። ፊዚክስ ያጠናሁት የልጅ ልጃቸውን አዝዬ ነው። መንገድ ላይ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ቆሜ ካወራሁ ወሬው ቀድሞኝ ቤት ይገባል። "ሰዓዳ፣ ያ ረጅሙ የማን ልጅ ነው?" ይሉኛል፣ ደብተሬን ሳላስቀምጥ።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስገባ እወጣለሁ አልኩ። በአስፋልቱ ዳር አዲስ የኪራይ ግቢ ተሠርቶ ነበር፤ አባቴን ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ አንድ ክፍል ተከራየልኝ። እመት ዘይነባ ፍራሼን ስጠቀልል ቆመው አዩኝና፣ "ሂጂ እንግዲህ። ቁልፍ ግን ጎረቤት አይሆንሽም" አሉኝ።

"ጎረቤት እንዲቀነስልኝ ነው የምሄደው" አልኳቸው። እንዲህ ነበርኩ። አሁንም ብዙ አልተሻለኝም።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። የራስን በር ከውስጥ ቆልፎ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ምን እንደቀረበት አያውቅም። መጽሐፌን መሬት ላይ በትኜ፣ ማንጎ በጥርሴ ልጬ እየበላሁ፣ ማንም "ተነሽ" ሳይለኝ አመሽ ነበር። ጉዱም አብሮ አለ፤ ግድግዳው ስስ ብሎኬት ስለሆነ የባጃጅ ነጂው የታደሰ ሬዲዮ እኔ ክፍል ውስጥ ያለ ያህል ይጮኻል፣ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ሁለት ሰው ምድጃ ከሰካ መብራቱ ይጠፋል። የተከራዮቹን ፊት እንኳ ከማየት ይልቅ በር ላይ የወለቀ ጫማቸውን ማየት ይቀል ነበር። በጫማ ነበር የምንተዋወቀው።

የዋናው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አከራዩ ጋሽ አበራ በቀይ ቀለም አስጽፏል፦ "ድግስ፣ ለቅሶ፣ እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው።" እሱ የሚኖረው ወልድያ ነው። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ፤ ሞትን ማን አስጠንቅቆት ነው? ከዚያ ግን ለሚያጠና ሰው ጥሩ ነው ብዬ ተውኩት።

ከእኔ ፊት ለፊት እታለም ትኖራለች። ስሟ አለምነሽ ነው፤ የዋድላ ሰው ናት፣ ገበያው ዳር በሲንጀር ልብስ ትሰፋለች፣ ባልም ልጅም የላትም። አንድ ጊዜ ስልኳ ውኃ ውስጥ ወድቆባት በእኔ ስልክ ወደ ቤቷ ደውላ ነበር። በዚህ ምክንያት ነው ወንድሟ ቁጥሬን የያዘው።

ግንቦት ነው። የመርሳ ግንቦት ቆርቆሮ ጣራ ሥር ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። ከትምህርት ቤት ተመልሼ እግሬን እየታጠብኩ ስልኬ ጮኸ።

"የአለምነሽ ወንድም ነኝ" አለ ሰውዬው። ድምፁ ሻክሯል። "እናታችን አርፋለች። ዛሬ ቀበርናት። አደራ እህቴ፣ በስልክ ለብቻዋ እንዳትሰማ። ለሰፈሩ ሰው ንገሪልኝ፤ በማለዳ መጥተው ያርዷት።"

እሺ አልኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው የገባኝ። ዋድላ ላይ ሆኖ እህቱ ሰፈር ያላት መስሎታል። ሰው የሚኖርበት ቦታ ሁሉ ሽማግሌ፣ የሚያቅፍ ሴት፣ ንፍሮ የሚቀቅል ጎረቤት አብሮ የሚኖር መስሎታል። ይህን ስህተት የሚሠራ የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው፤ የሠራውም ደግ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት የእታለምን ስልክ መውሰድ ነው። ገበያ ሄጄ፣ "ሒሳብ ልሥራበት" አልኳት።

"ያንቺስ?"

"ማስሊያው ተበላሽቷል።"

"ሲማሩ ማበላሸት" ብላ ከመርፌው ቀና ሳትል ሰጠችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሸህ እንድሪስ ሄድኩ። ከእኛ ግቢ ጀርባ ላለው ሰፈር የቅሬ፣ ማለትም የዕድር፣ ዳኛ ናቸው። ክርስቲያንም ሙስሊምም በዚያው ቅሬ ነው የሚቀበረው፤ ለቅሶ ያለ እሳቸው አይቆምም።

ነገርኳቸው። "ኢና ሊላሂ" አሉና ጺማቸውን ያዙ። "የየትኛው ቅሬ ናት?"

"የየትኛውም አይደለችም። ኪራይ ቤት ናት።"

"ያ ነው ችግሩ። የኪራይ ቤት ሰው ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ሲጠሩት አይመጣም፣ ስሙም አይታወቅም።"

"ሞት ግን እዚያም ስሟን ያውቃል፣ ሸህ እንድሪስ። አንቱ ካልመጡ እኔ ነኝ የማረዳት፤ እኔ ደግሞ እንዴት እንደሚባል አላውቅም።"

"ምላስሽ የዘይነባ ቤት እያለሽም እንዲሁ ነበር አሉ" አሉኝ። "ማርዳቱን እናረዳለን። ግን ልጄ፣ አርድተን ለማን ትተናት እንመለስ? በሩ የተዘጋ ቤት መሀል ለሰው መርዶ አይነገርም። መጀመሪያ የሚቀበላት ሰው አግኚ።"

ስለዚህ ሰው ፍለጋ ገባሁ። በጫማ ብቻ የማውቃቸውን ሰዎች በር ማንኳኳት ጀመርኩ። አንዲት ነርስ ከፈተች፣ ሁለት ወንድማማች የሞባይል ጠጋኞች ከፈቱ፣ አንዱ አስተማሪ በመስኮት አነጋገረኝ። ማንም እምቢ አላለም። ሁሉም ግን ቀዩ ጽሑፍ ያለበትን ዋና በር አመለከቱኝ፤ "ጋሽ አበራስ?" አሉኝ። ታደሰ ባጃጁን እያጠበ፣ "እኔ ሌላ ክፍል አላጣም፤ አንቺ ግን ፈተናሽ ደርሷል" አለኝ። "እታለም እንደሁ ለሁለት ቀን አልቅሳ ትነሳለች፣ አንቺ ሜዳ ላይ ትቀሪያለሽ።"

"ያንተ እናት ብትሆንስ?"

"የኔን እናት አትጥሪ" ብሎ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወረው። ትንሽ ቆይቶ፣ "ብሎኬት የተረፈ ከጓሮ አለ፣ መቀመጫ ይሆናል" አለኝ።

ለጋሽ አበራ ራሴ ደወልኩለት። ከሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈለግኩም። "ነገ ግቢው ውስጥ ለቅሶ አለ። ላስፈቅድ አይደለም፣ እንድታውቀው ነው።"

"በሩ ላይ ያስጻፍኩትን ማንበብ አትችይም?"

"አንብቤዋለሁ።"

"ለአንዱ ከፈቀድኩ ለሁሉም ነው። ሽንት ቤቱ ይሞላል፣ ግቢው ይበላሻል። ለቅሶውን ያስቀመጠ ቁልፌን ያስረክባል። ሰማሽ?"

"ሰማሁ" አልኩ። ከፈተናው በፊት ክፍል ማጣት ማለት ወይ እመት ዘይነባ ቤት መመለስ፣ ወይ በየቀኑ ከግራና በላይ እየተመላለሱ መማር ማለት ነው፤ እንደዚያ የሞከሩ ምን ላይ እንደቀሩ አይቻለሁ። ግን ነገሩ ወዲህ ነው፦ አደራውን እሺ ብያለሁ።

ቁልፉን የማስረክበው እኔ እንደሆንኩ ለየበሩ ነገርኩ፣ ለሸህ እንድሪስም የሚቀበላት ሰው አለ ብዬ ላክሁባቸው። ንፍሮውን በየክፍላችን ጣድን፤ እኔ ማሽላ፣ ነርሷ ስንዴ፣ ወንድማማቾቹ ሽምብራ። ወዲያው ቆጣሪው ዘለለ፣ ግቢው ጨለመ። ከሰል አምጥተን ቀጠልን። ያ ንፍሮ ግማሹ ሟሟ፣ ግማሹ ጥርስ የሚሰብር ሆነ።

ጎህ ሲቀድ ሸህ እንድሪስ ከሽማግሌዎችና ነጠላቸውን ካዘቀዘቁ ሴቶች ጋር ገቡ። ከኋላ እመት ዘይነባን ሳይ ደነገጥኩ፤ ማንም አልጠራቸውም። እኛ ተከራዮቹ ሁላችንም በራችንን ከፍተን ደጃፍ ላይ ቆመናል። አስተማሪው እንኳ ወጥቷል።

ሸህ እንድሪስ የእታለምን በር ቆረቆሩ። ከፈተች። ሽማግሌዎቹን ገና በደንብ አላየችም፤ መጀመሪያ ያየችው በሮቹን ነው። በዚያ ግቢ በሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ተከፍተው አይታ አታውቅም። ከረድፉ ዳር እስከ ዳር ዓይኗን አዞረችና፣ "ማን ነው የሞተብኝ?" አለች።

"እናትሽ፣ ልጄ" አሉ ሸህ እንድሪስ። "የሁላችንም መንገድ ነው።"

እመት ዘይነባ ከሁላችን ቀድመው ያዟት። እኔ እንዲያ መያዝ አልችልበትም ነበር።

ለቅሶው እስከ ሣልስቱ ቆየ። ድንኳን ለመትከል መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ቅሬው አንድ ሸራ ከጣራ ወደ ጣራ ወጠረልን፣ ብሎኬቱ ላይ ጣውላ አጋደምን። ሥልጡኑ ግቢ ይህ ብቻ ይጎድለው ነበር፤ ሰው ለማስቀመጥ የታሰበ አንድ ጥግ አልነበረውም፤ ሁሉም ለመቆለፍ የታሰበ ነው።

በሣልስቱ ጋሽ አበራ መጣ። በሩን በርግዶ ገባና ሸራውን አይቶ አፉን ከፈተ። ታዲያ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ምን ያደርጋል? ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ብድግ አሉለት። ኮፍያውን አወለቀ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" አለ፣ ተቀመጠ። ነርሷ ንፍሮ ዘገነችለት። ጠንካራው ደረሰው መሰለኝ ለረጅም ጊዜ አኘከ።

ሲወጣ በር ላይ ጠራኝ። "ሐዘን ስለሆነ ዝም አልኩ። ወሩ ሲሞላ ግን ቁልፉን።"

"እሺ" አልኩ።

ወሩ ሲሞላ ፍራሼን ጠቅልዬ እመት ዘይነባ ቤት ተመለስኩ። ቁልፍ ጎረቤት አይሆንም ብለው ነግረውኝ ነበር፤ ግን አላስታወሱኝም፣ ሕፃኑን ብቻ አሳዘሉኝ። የመጨረሻውን ምዕራፍ እያባበልኩት አጠናሁ፤ ፈተናዬንም ከዚያው ቤት ወጥቼ ተፈተንኩ። እታለም ከዋድላ እንደተመለሰች የሸህ እንድሪስ ቅሬ ገባች፤ ቀጥሎ ነርሷ፣ ቀጥሎ ታደሰ። የበሩ ጽሑፍ ግን አሁንም አለ። በቀደም በዚያ ሳልፍ አይቼዋለሁ።

ሰው ይህን ሲሰማ የኪራይ ግቢ ጠላት የሆንኩ ይመስለዋል። አይደለሁም። እስከ ዛሬ የራሴን በር እወዳለሁ፤ መንገድ ላይ ማን ጋር እንደቆምኩ የሚጠይቀኝ ሰው አልፈልግም። ግን ቁልፉም ሰዉም አንድ ላይ አይሰጡም። ቁልፉ ይከራያል። ሰዉን እየዞሩ ማንኳኳት ነው።

ስለዚህ የደላላውን ክፍል ያዝኩት። ዕቃዬን አስገብቼ፣ ወለሉን አጥቤ፣ በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሲመሽ ከፊት ለፊቴ ያለችው ሴትዮ ከሥራ ገባች። ቁልፏን ስታወጣ አየችኝ።

"በርሽን ረሳሽው" አለችኝ።

"አልረሳሁትም" አልኳት።